ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ሲባል የሚቀር ሕመም

(ይህ ጽሑፍ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለወገኖቻችን በተዘጋጀ የጤና ውይይት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳሰናዳው እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ፤ ከታዳሚው ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሥራ ወጥታችሁ፣ ደክማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችሁ ስሙን ባትሰሙም መልኩን ስለምታውቁት ሕመም ነው። መላ ሰውነት ይቆረጣጥማል። ዛሬ ትከሻና አንገት ነው፣ ነገ ወገብና ዳሌ፣ ከነገ ወዲያ ጉልበት። ሌሊቱን ተኝተው አድረው ጠዋት ሲነሡ ጨርሶ ያልተኙ ያህል ይደክማል። ማድ ቤት ገብተው ምን ፈልገው እንደገቡ ይጠፋዎታል። የልጅ ልጅ ሮጦ ሲያቅፍዎት ደስታው እንዳለ ሆኖ ክንድዎ ያማል። ሐኪም ቤት ይኬዳል፤ ደም ይወሰዳል፣ ራጅ ይነሣል፣ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ውጤቱ ሲመጣ «ምንም የለብዎትም» ይባላል። ሕመሙ ግን አብሮ ወደ ቤት ይመለሳል።

አገር ቤት ብርድ ነው፣ ነርቭ ነው፣ ምች ነው እየተባለ ስንቱ ቅባት ሲቀባና መርፌ ሲወጋ ኖሯል። ሕክምናው ፋይብሮማያልጂያ ይለዋል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነውን እንደሚያጠቃ ያሳያሉ። በሴቶች ላይ በብዛት ይታወቃል፤ ወንዶችንም ይይዛል፤ ወንዶቹ ግን ቶሎ አይናገሩም።

ስሙ የሚሰጠው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅመናል። በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ፣ ማለትም የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር፣ ባወጣው መስፈርት ሐኪሙ በሰውነት ላይ የታወቁ 18 ቦታዎችን በጣቱ ይጫን ነበር፤ ቢያንስ 11ዱ ካመሙ ፋይብሮማያልጂያ ነው ይባላል። በ2010 አዲስ መስፈርት ወጣ። አሁን የሚጠየቀው ሕመሙ ስንት የሰውነት ክፍል እንዳዳረሰ፣ እንቅልፉ፣ ድካሙና የማስታወስ ችግሩ ምን ያህል እንደከበደ፣ ይህም ቢያንስ ሦስት ወር መቆየቱ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ የበሽታው ዋና ማስረጃ የታማሚው ቃል ነው። ቃሉ ካልታመነ ምርመራውም የለም።

እርግጥ ሐኪሙ ሌሎች በሽታዎችን አስቀድሞ ማየት አለበት። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የደም ማነስ፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ። በተለይ እዚህ ለእኛ የቫይታሚን ዲ እጥረት መታየት አለበት። ቆዳችን ጠቆር ያለ፣ ክረምቱ ረጅም፣ ሥራችን ቤት ውስጥ ወይም በሌሊት ስለሆነ በቀላሉ ያጋጥመናል፤ ሲበረታ አጥንትና ጡንቻን ያሳምማል፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው። ይህን ሳያስመረምር ማንም ሰው ፋይብሮማያልጂያ ነው ብሎ እንዲደመድም አልፈልግም።

አሁን ወደ ልቡ ልግባ። ምርመራው ሁሉ ደህና ሲሆን ታማሚው ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ጭንቀት ነው፣ አያስቡ፣ ይለቅዎታል» የሚል ነው። ሌላው «አንድ ያልታየ ነገር መኖር አለበት» ብሎ ከሐኪም ወደ ሐኪም፣ ከራጅ ወደ ራጅ ይወስዳል። የመጀመሪያው ሰውየውን ፈጠርከው ይለዋል። ሁለተኛው ደግሞ ስሜት የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ያስወጣል። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ሕመም ወይ የሥጋ ነው ወይ የሐሳብ ነው፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ የሚል እምነት። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን ምርጫ እንዳትቀበሉ ለመለመን ነው።

ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጣሊያን ግንባር ነበር። የሚመጡለት ወታደሮች አጥንታቸው የደቀቀ፣ ሆዳቸው ወይም ደረታቸው የቆሰለ ናቸው። ማስታገሻ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ከአራቱ ሦስቱ ያህል አንፈልግም አሉት። ይህን በ1946 አሳተመ። ከጦርነቱ በኋላ በሲቪል ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ሲጠይቅ አብዛኞቹ ማስታገሻ ፈለጉ፤ የእነዚህ ቁስል ግን ከወታደሮቹ ያነሰ ነበር። የእሱ ማብራሪያ ይህ ነው፦ ለወታደሩ ቁስሉ ከሞት ሜዳ በሕይወት መውጫው ሆነ፤ ለሲቪሉ ግን የመከራው መጀመሪያ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጦርነት ያለፋችሁ አላችሁ። በሽሽት ላይ ሳላችሁ እግራችሁ መድማቱን ያወቃችሁት ድንበሩን ከተሻገራችሁ በኋላ ከሆነ፣ ቢቸር ምን እንዳየ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅና ፓትሪክ ዎል የሚባል እንግሊዛዊ የነርቭ ተመራማሪ ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት ሊሆን እንደሚችል አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከጣት የሚነሣ የሕመም መልእክት ቀጥ ብሎ አንጎል አይደርስም፤ በህብለ ሰረሰር ላይ ማለፊያ አለው። እዚያ ማለፊያ ላይ ይጠናከራል ወይም ይዳከማል። የሚያጠናክረውና የሚያዳክመው ደግሞ በከፊል ከአንጎል ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆሟል። ሕመም ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ይህ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ሕመሙን ለማብረድ ከሚጠቀምባቸው ንጥረ ነገሮች ዋነኞቹ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ናቸው። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች በስሜታችንና በእንቅልፋችን ውስጥም ይሠራሉ። ስለዚህ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሕመም በአንድ ሰው ላይ አብረው ሲመጡ መገረም አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም ሕመምን በ1979 ሲተረጉም የአካል ስሜትም የልብ ስሜትም ያለበት ልምድ ብሎታል፤ በ2020 ትርጉሙን ሲያድስም ይህንን አልለወጠም። የተሰበረ እግርም ቢሆን፣ ካንሰርም ቢሆን። ስሜት የሌለበት ሕመም የለም። ይህ የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎች ብቻ ነገር አይደለም።

ታዲያ በፋይብሮማያልጂያ ላይ የተለየው ምንድን ነው? የነርቭ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ነቅቷል። ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ ለጎረቤት ኮቴም፣ ለነፋስም፣ ለቅጠልም ይጮኻል። ጩኸቱ የእውነት ነው፤ ሌባው ግን የለም። የዚህ ሕመም ሁኔታም እንዲሁ ነው። በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 16 ታማሚዎችንና 16 ጤነኞችን ወስዶ አውራ ጣታቸውን በመሣሪያ እየተጫነ አንጎላቸውን በኤምአርአይ አየ። ጤነኞቹ ያን ያህል ሕመም እንዲሰማቸው ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ግፊት አስፈለጋቸው። ታማሚዎቹ በትንሹ ግፊት አመመን ሲሉ ሕመምን የሚያስተናግዱት የአንጎላቸው ክፍሎች አብረው ይነቁ ነበር። ከዚያ በፊትም በህብለ ሰረሰር ፈሳሻቸው ውስጥ ንጥረ ነገር ፒ የሚባለው የሕመም መልእክተኛ ከጤነኞች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። እንግዲህ «ፈጠረችው» የሚል ሰው ካለ ይህን ንገሩት። በህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ውስጥ ንጥረ ነገር መፍጠር የሚችል ሰው የለም።

ውሻውን ማን አነቃው ለሚለው አንድ መልስ የለም። ዘር አለበት፤ የታማሚ የቅርብ ዘመዶች ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ለዚህ ሕመም የተጋለጡ ናቸው። ኢንፌክሽን፣ የመኪና አደጋ፣ ከባድ ወሊድ የሚቀሰቅስባቸው አሉ። እንቅልፍ ትልቅ ድርሻ አለው። በ1975 በቶሮንቶ ሃርቪ ሞልዶፍስኪ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ጤነኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳያስነሡ ጥልቁን እንቅልፍ ብቻ በድምፅ እየበጠበጡ አሳደሯቸው። ጥቂት ሌሊቶች እንዳለፉ ተማሪዎቹ ሰውነታቸው ይቆረጣጥም፣ ሲነኩ ያማቸው ጀመር። የሌሊት ሽፍት የምትሠሩ፣ ቀን በልጆች ጫጫታ መካከል የምትተኙ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ።

ስሜትስ? በልጅነት የደረሰ በደል፣ ረጅም ፍርሃት፣ ሐዘን፣ የታመቀ ቁጣ ባለባቸው ሰዎች ላይ ፋይብሮማያልጂያ በርከት ብሎ ይታያል። ይህ ግን ታማሚ ሁሉ የተጎዳ ነው ማለት አይደለም። ደስ ብሎት ያደገ፣ ትዳሩ የሞቀ ሰውም ይታመማል። ነገሩም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ዓመት ሙሉ ያመመው ሰው ማዘኑ፣ መናደዱ፣ መፍራቱ የሕመሙ ውጤት ነው። የትኛው ቀደመ ብሎ መከራከር ለታማሚው አንዳች አይጠቅመውም። ሁለቱ እርስ በርስ መመጋገባቸውን ማወቁ ግን ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ከየትኛውም ወገን ጀምሮ ማላላት ይቻላል።

ስለራሳችን ትንሽ ልቆይ። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች የምንሸከመው ሐዘን የራሱ ጠባይ አለው። እናት አገር ቤት ታርፋለች፤ መርዶው ለቀናት ይደበቃል፤ በንጋት በር ተንኳክቶ ሲነገረን ቀብሩ አልፏል። ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ሄዶ አፈር ማልበስ አይችልም። ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጥና በአራተኛው ቀን ሥራ ይገባል፤ ኪራዩ አይጠብቅማ። በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የመጣች እህት እዚያ የደረሰባትን ለማንም አልተናገረችም፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው የላከችውን ብር ብቻ ነው። ያደግነው «ቻል አድርገው»፣ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ነው። በዚህ መቻል ብዙ መከራ አልፈንበታልና አልንቀውም። ነገር ግን ሰውነት ለዓመታት ተጠንቅቆ፣ ትከሻው ተወጥሮ፣ ጥርሱ ተነክሶ፣ ሌሊት ደግሞ ጆሮው ቆሞ ሲኖር የነርቭ ሥርዓቱ ማረፍን ይረሳል።

የተዘጋውን ስሜት መክፈት ሕመሙን ይቀንሳል ወይ? ይህን በቀጥታ የፈተነ ሥራ አለ። ማርክ ላምሊ የሚባል በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ሃዋርድ ሹቢነር ከሚባል ሐኪምና ከሌሎች ጋር ሆኖ 230 የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ስለ በሽታው ትምህርት አገኘ። ሌላው በሰፊው የሚታወቀውን፣ አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ የሚረዳውን የንግግር ሕክምና አገኘ። ሦስተኛው በሕይወቱ የደረሰበትን ከባድ ነገር፣ ያልተናገረውን ቁጣና ሐዘን በአግባቡ እንዲያውቀውና እንዲናገረው ተረዳ። ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በቡድን። በ2017 የታተመው ውጤት ከስድስት ወር በኋላ የተለካ ነው፤ በሦስተኛው ቡድን ሕመሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰለት 22.5 በመቶ፣ በሁለተኛው ቡድን 8.3 በመቶ ሆነ። በአማካይ የሕመም መጠን ግን ሁለቱ ሕክምናዎች ብዙም አልተለያዩም።

ይህን ቁጥር በትክክል እንድትይዙት እፈልጋለሁ። ከአምስት ሰው አንዱን በግማሽ ማሳረፍ፣ በዚህ ሕመም ላይ ትልቅ ነገር ነው። ከአምስቱ አራቱ ግን ያን ያህል አላገኙም። ስለዚህ «ልብህን ክፈት፣ ትድናለህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት። አንዲት እናት ተናግራ፣ አልቅሳ፣ ጸልያ ሕመሟ ካልቀነሰ፣ ያልቀነሰው በደንብ ስላልተናገረች አይደለም።

አሁን ወደ አለመታመን ልመለስ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ታማሚዋ በሐኪሟም፣ በባሏም፣ በአለቃዋም ስትጠረጠር ምን ታደርጋለች? ለማሳመን ትጥራለች። በደህናዋ ቀን እንኳ ደህና ነኝ ለማለት ትፈራለች፤ «ትናንት ስትስቂ አልነበረም?» ይሏታልና። ሰውነቷን ቀኑን ሙሉ እየተከታተለች ማስረጃ ትሰበስባለች። ፍርሃቱ፣ ቁጣው፣ ትኩረቱ ሁሉ ሕመሙ ላይ ያርፋል፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ቅድም ያልኩትን ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ ወደ ማጠናከር የሚወስዱ ናቸው። አለማመን እንግዲህ ጨዋነት ማጣት ብቻ ሳይሆን ሕመሙን መመገብ ነው።

እዚህ አገር አንድ የምናደርገው ነገር ይህን ያባብሳል። እናት ሐኪም ፊት ትቀርባለች፤ የሚያስተረጉመው ልጇ ነው። ሐኪሙ ይጠይቃል፦ «በቅርቡ ያዘኑበት ነገር አለ?» እናትየዋ ልጇን ታየዋለች። «ምንም የለም በለው፣ ልጄ» ትላለች። እሷ እንድትናገር የተጠየቀችው ልጇ እንዳይሰማ ሃያ ዓመት የደበቀችውን ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ይገኛል፤ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ልጆች፣ እናታችሁን አድርሷት፣ ውጭ ጠብቋት።

ስለ መድኃኒት በአጭሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ሕመም ፕሪጋባሊንን በ2007፣ ዱሎክሴቲንን በ2008፣ ሚልናሲፕራንን በ2009 ፈቅዷል። አገር ቤትም የሚገኘው ርካሹ አሚትሪፕቲሊን ማታ በትንሽ መጠን ይታዘዛል። ብዙዎች ወረቀቱ ላይ የድብርት መድኃኒት የሚል ሲያዩ «አብደሻል አሉኝ» ብለው ይጥሉታል። አትጣሉት። ሐኪሙ ያዘዘው ሕመሙን ለሚያበርደው ለዚያ ወደ ታች ለሚወርደው መስመር ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁት። ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ ለዓመታት ሲዋጡ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። እንደ ሞርፊን ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎችም አይመከሩም። በ2017 የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ባለሙያዎች ማስረጃውን ሁሉ መርምረው በጠንካራው ደረጃ የመከሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውነት እንቅስቃሴ። የሚያመው ሰው ተንቀሳቀስ ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቹ ስገባ እመለስበታለሁ።

በሕመሙ ብዛት መኖር ያስጠላው ሰው ከመካከላችን ካለ፣ በዚህ አገር በማንኛውም ሰዓት 988 ይደወላል። ዛሬ ማታም ቢሆን።

ከጥያቄዎቹ

አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «እናቴ ሠርግ ላይ ትጨፍራለች፣ በማግስቱ ግን ከአልጋ አትነሣም። እውነት ያማታል?» አዎን፣ ያማታል። ደስታ፣ ዘፈን፣ ዘመድ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያበርዱታል፤ ቢቸር ያየው ነገር ነው። በማግስቱ ግን ሰውነቷ የለመደውን እጥፍ ስለሠራ ዋጋውን ይጠይቃል። ሠርጉን አትከልክሏት። በማግስቱ ቡናውን አንተ አፍላላት፣ ለምን ብለህም አትጠይቃት።

አንዲት እናት ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። እማማ፣ ይቻላል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው የለብዎትም። ጸበል ቦታ ሰው አጠገብዎ አለ፣ ያለቅሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ የሚሰማዎ አለ። ይህ ሁሉ ለሚያመው ሰው ይጠቅማል። ብቻ ኪኒኑን በልብዎ ቆርጠው አይጣሉት።

መጨረሻ ላይ አንድ አባት ተነሡ። በዐቢይ ጾም ስግደቱን እንደ ድሮው ሲሰግዱ ሳምንት ሙሉ ይተኛሉ፤ ሲተዉት ደግሞ ልባቸው ያዝናል። ይህ ጥያቄ የእንቅስቃሴን ነገር በሙሉ ይዞታል። አባቴ፣ አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው ማስተካከያ አላት። ከዚያ በክፉ ቀንዎም ቢሆን የማይጥልዎትን ቁጥር ይፈልጉ። ሦስት ከሆነ ሦስት። በደህናው ቀንም ሦስት፣ በክፉውም ቀን ሦስት። ዓርብ ዕለት ቀለል አለኝ ብለው አርባ አይስገዱ። በሳምንቱ አንድ ይጨምሩ። የእግር መንገዱንም እንዲሁ ያድርጉት፤ አምስት ደቂቃ ከቤት እስከ ማዕዘኑ፣ በሳምንቱ ስድስት። ሕመሙ ትንሽ ከፍ ቢል ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም፤ በማግስቱ ካልበረደ ወደ ቀድሞው ቁጥር ይመለሱና ሌላ ሳምንት ይቆዩበት። ቁጥሩን በየቀኑ ጽፈው ለሐኪምዎ ይዘውለት ይሂዱ።